ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ

ቀሚስ የሚገዛ ሰው ጥለቱን በሱቁ መብራት ብቻ አይቶ አይወስንም። ይዞት ወደ ደጅ ይወጣና በፀሐይ ብርሃን ዘርግቶ ያየዋል። ባለሱቁም ልማዱን ስለሚያውቅ አይከፋም። ፎቶግራፍ የሚያሳትም ሰው ግን ይህን ጥንቃቄ አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋዋል።

ነገሩ የሚብሰው በጥቁርና ነጭ ምስል ላይ ነው። የሟች እናቱን የድሮ ፎቶግራፍ በኢንክጄት ማተሚያ አሳድጎ ያሳተመ ልጅ፣ ማታ በአምፖል ሲያየው ለስላሳ ግራጫ የነበረው ፊት ጠዋት መጋረጃው ሲገለጥ አረንጓዴ መስሎ ቢጠብቀው ይደነግጣል። የሕመም መልክ ነውና ልቡ አይቀበለውም። ቀለሙ ግን አልደበዘዘም፤ ወረቀቱም አልተበላሸም። የተለወጠው ብርሃኑ ነው።

የአምፖል ብርሃን በቀይ የበለጸገ፣ በሰማያዊ የደኸየ ነው። በቀን ብርሃን ውስጥ ደግሞ የሰማያዊው ድርሻ እጅግ ከፍ ይላል። ዓይን ይህን ልዩነት በራሱ ስለሚያቻችል ነጭ ወረቀት በሁለቱም ነጭ ሆኖ ይታያል። ከሲያን፣ ከማጀንታና ከቢጫ ተደባልቆ የተሠራ ግራጫ ግን እንዲህ አይገራም። እያንዳንዱ ቀለም የሚውጠውና የሚመልሰው የብርሃን ክፍል የተለያየ በመሆኑ፣ በአንዱ ብርሃን የጠበቀውን ሚዛን በሌላው ይስተዋል። ብዙዎች ሜታሜሪዝም ይሉታል። ጠንቃቆቹ ግን ይህ ስም በአንድ ብርሃን ተመሳስለው በሌላው ለሚለያዩ ሁለት ናሙናዎች ብቻ ይገባል ብለው ይከራከራሉ፤ እውነት አላቸው፤ ሆኖም የሰማቸው ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የኤፕሰን ስታይለስ ፎቶ 2000ፒ፣ የፒግመንት ቀለሙ ለብዙ ዓመታት ሳይደበዝዝ በመቆየቱ የተመሰገነውን ያህል በዚህ ጠባዩ ታምቷል። በ2002 የተከተለው 2200 ፈዛዛ ጥቁር ተጨመረለት፤ በ2005 ደግሞ ሦስት እርከን ያላቸው ጥቁር ቀለሞች መጡ። መፍትሔው በአመዛኙ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ግራጫውን ከኅብረ ቀለማት ሳይሆን ከጥቁሮቹ መሥራት። ጥቁሩ ፒግመንት ካርቦን ነው፤ የብራና ጸሐፍት ቀለማቸውን ያዘጋጁበት የጥላሸት ዘመድ ማለት ነው። የብርሃንን ክፍሎች ሁሉ በተቀራራቢ መጠን ስለሚውጥ ብርሃኑ ቢለዋወጥም ብዙ አይናወጥም። ስለዚህ ማተሚያው ለጥቁርና ነጭ ሥራ የተለየ ምርጫ ካለው በእርሱ ማተም ይበጃል። መልኩን ለማሞቅ የሚጨመረው ባለ ኅብር ቀለም በበዛ መጠን ግን ችግሩ ይመለሳል።

ወረቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። ነጭነቱ እንዲያበራ ማንጪያ ኬሚካል የተጨመረበት ወረቀት አልትራቫዮሌት ባለበት የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በአምፖል ሥር ግን ያ ፍካቱ ይጠፋል። ማንጪያ የሌለበት ወረቀት ትንሽ ቢጫ ይመስላል እንጂ ጠባዩ አይለዋወጥም።

በሁሉም ብርሃን ፍጹም የሆነ ኅትመት መፈለግ ድካም ነው። ምስሉ የሚሰቀለው ሳሎን ውስጥ ከሆነ መታየት ያለበት በሳሎኑ ብርሃን ነው። ትልቁ ከመታተሙ በፊት ከነጭ እስከ ጥቁር የግራጫ እርከኖችን የያዘ ቁራጭ ወረቀት ታትሞ እዚያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ መብራት ሲበራም ይታይ። አንድ ቀን ቢፈጅ ነው።