ሁለተኛ ላም ከመግዛታችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የወረቀትና የፕሮሰስ ጉዳይ ይቆየንና ስለ ላም እናውራ። እዚህ ናኪቫሌ ያላችሁ ጎረቤቶቼም፣ ከዓረብ አገርና ከአሜሪካ ገንዘብ የምትልኩ ዘመዶቻችንም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በሰፈራችን ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ። ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው አንዲት ጥገት ናት። ባለፈው በጋ፣ በወለደች በሁለተኛው ወር፣ የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። ዳሌዋ ሾለ፤ ከጅራቷ ሥር ግራና ቀኙ ጎደጎደ። ነጋዴ መጥቶ ዞሯትና የቆዳ ዋጋ የሚመስል ዋጋ ጠራ። አንዱ ቡዳ በላት አለ፤ ሌላው ዘሯ ነው አለ። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ደግሞ፣ "የአራት ወር ደሞዜን እልካለሁ፣ ሁለተኛ ላም ይግዙ" ብላ ደወለች። እማማ ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ፦ "አንተ መምህር ነህ፣ እስቲ አስረዳት።"

የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ያስረዳኋትም በሒሳብ ነው።

ላም ስትወልድ ወተቷ ቶሎ ይጨምራል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። የመብላት አቅሟ ግን ዘግይቶ ነው የሚከተለው። በመሐል ያለውን ጉድለት ከጀርባዋና ከጎኗ፣ ከገዛ ሥጋዋ እየቆረሰች ትሞላዋለች። ስለዚህ ትንሽ መክሳት ያለ ነው። መኖ በጠፋበት ወቅት ሲሆን ግን ማቆሚያ የለውም። ወተቱ ይቀንሳል፤ ኮርማም አትፈልግም፤ የሚቀጥለው ጥጃ ይዘገያል።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። 300 ኪሎ የምትመዝን የምታጠባ ላም በቀን ከክብደቷ 3 በመቶ ያህል፣ ማለትም 9 ኪሎ ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል። እርጥብ ዝሆኔ ሳር አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከ5 ኪሎ ሳር ደረቁ 1 ኪሎ ገደማ ነው። በሳር ብቻ ትመገብ ከተባለ 45 ኪሎ መታጨድ አለበት። የእማማን የቀን ሸክም ወፍጮ ቤት ወስደን መዘንነው፤ 18 ኪሎ ሆነ። የማቶኬ ልጣጭ ተጨምሮበትም ግማሽ ቢሞላ ነው። ቡዳው ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጠራን። በሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ የሚግጥ ከብት የጉበት ትል ይይዘዋል፤ መዥገርም ደም ከመምጠጡ ሌላ በሽታ ያስተላልፋል። ትል ያለባትን ላም መቀለብ በተቀደደ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። መድኃኒቱ በክብደቷ ተለክቶ ነው የሚሰጠው፤ ወተቱም ለተወሰኑ ቀናት አይጠጣም። ስንት ቀን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። በሌላውም ጊዜ ቢሆን ወተቱን ሳታፈሉ ለልጅ አትስጡ።

ከዚያ ውሃ። ወተት ከመቶው 87 እጅ ውሃ ነው፤ ያልጠጣች ላም ከየት ታመጣዋለች? በቀን ሦስት ጀሪካን ቀረበላት፤ የምትልሰው ጨውም ተቀመጠላት። በሳሩ ላይ የስኳር ድንች ሐረግና የባቄላ ገለባ ጨመርን። የበቆሎ ፉሩሽካ በግማሽ ኪሎ ጀምረን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 2 ኪሎ አሳደግን፤ ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ማታ። አዝናችሁላት በአንድ ቀን ብዙ እህል እንዳትሰጧት፤ ሆዷን ያውከዋል፣ ሊገድላትም ይችላል።

ከባዱ ነገር ወተቱ ነበር። የማታው አለባ ቆመ። ጥጃው ሳርና ውሃ ስለለመደ ጠዋትና ማታ ብቻ እንዲጠባ ተደረገ። ልጆቹ ለአንድ ወር ያህል ሻያቸውን ያለ ወተት ጠጡ። እማማ ይህን ሲወስኑ ፊታቸውን አይቻለሁ፤ ቀላል አልነበረም።

ሚዛን ስለሌለን ትልቁ የልጅ ልጃቸው ደረቷን በገመድ እየለካ በየሁለት ሳምንቱ ቋጠሮ ይቋጥር ነበር። የመጀመሪያው ቋጠሮ ከቦታው አልተነቃነቀም። መክሳቷ መቆሙም አንድ ነገር ነው ብለን ተጽናናን። በስድስተኛው ሳምንት ሁለት ጣት ጨመረች። በሦስተኛው ወር የዳሌዋ ሹል ተሸፈነ፤ የማታው አለባም ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ኮርማ ፈለገች።

ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ከልጅቱ የአንድ ወር ደሞዝ አይበልጥም። ሁለተኛ ላም ተገዝታ ቢሆን ኖሮ ያችኑ 18 ኪሎ ለሁለት ይካፈሉ ነበር፤ እማማም በአንዲት ከሲታ ላም ፋንታ ሁለት ከሲታ ላሞች ይኖሯቸው ነበር።

ስለዚህ ዘመዶቻችን፣ አደራ። አገር ቤት ክረምት በሚሆንበት በሰኔና በሐምሌ እዚህ በጋ ነው፤ "አሁንማ ሳሩ ለምልሟል" ብላችሁ አትዘናጉ። ብትልኩ በጋው ሳይገባ ላኩ፤ ፉሩሽካውና የበቆሎ አገዳው በመኸር ጊዜ በርካሽ ይገዛል። ደረቁን አገዳ ከዝናብ አርቆ ማስቀመጥ የእኛ የእዚህኞቹ ሥራ ነው።

ጎረቤቶቼ፣ ላማችሁ ከስታ ነጋዴ በር ላይ ከቆመ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የአንድ ቀን መኖዋን መዝኑ። ማስላት ያስቸገረው ሰው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይምጣ፤ አብረን እናሰላለን።

ሰላም ሁኑልኝ።