የሰው ሻንጣ፣ የራስ አማና



በእኛ በቡራዩ ከዐረብ አገር የሚመጣ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለእናት ሽቶና ሻሽ፣ ለአባት ጀለቢያና መስገጃ፣ ለሕፃናት ጫማና ከረሜላ፣ ለጎረቤት ደግሞ አንድ አንድ ኪሎ ተምር ይወጣል። ይህ ደግ ልማድ ነው። ስጦታ መሰጣጠት ፍቅርን እንደሚያበዛ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

አሁን አሁን ግን በወጣቶቻችን ዘንድ ሌላ ትእዛዝ እየተሰማ ነው። እርሱም ሲጋር ነው። ሲጋር በወረቀት ከሚጠቀለለው ከተራው ሲጋራ ይለያል፤ በራሱ በትምባሆ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ወፍራምና ውድ ነገር ነው። ሙሽራና ሚዜዎች በአፋቸው ይዘውት ፎቶግራፍ መነሣት እንደ ሥልጣኔ ተቆጥሯል። ከኒካሕ የመጣ የሙስሊም ሙሽራም ይህን ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። «አላጨስም እኮ፣ ለፎቶ ነው» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። ይህ ለፎቶ የሚፈለግ ነገር በማን ሻንጣ እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሰፈራችን እናት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወደ ቤቴ መጡ። ልጃቸው ዱባይ በሰው ቤት ሥራ አራት ዓመት ቆይታ ልትመለስ ተዘጋጅታለች። አንድ ደላላ ትርፍ ኪሎ እንደሚከፍልላትና የቲኬቷን ግማሽ እንደሚችላት ነግሯታል። በምላሹ አንድ የእርሱን ሻንጣ አዲስ አበባ ታደርስለታለች። በሻንጣው ውስጥ አሥር ሣጥን ሲጋርና የፍራፍሬ ጣዕም ያለው የሺሻ ትምባሆ እንዳለ አልደበቃትም።

እናትየዋ በስስት ዓይን እያዩኝ፣ «ኡስታዝ፣ ልጄ አታጨስም፣ አትሸጥም። መሸከም ብቻ ነው። ወንጀሉ ምኑ ላይ ነው? ከቲኬቱ በሚተርፈው የቤቱን ቆርቆሮ እናስቀይር ነበር» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። የቤታቸው ጣራ ክረምት በገባ ቁጥር እንደሚያፈስ አውቃለሁ። ስለዚህ «ሐራም ነው፣ አበቃ» ብሎ መሸኘት አስተማሪነት መስሎ አልታየኝም። ነገሩን ከሁለት በኩል፣ በዓለሙ ሕግና በዲናችን፣ አብረን አየነው።

በመጀመሪያ በዓለሙ ሕግ በኩል። አገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል መንገደኛ ለግል መገልገያው ይዞት የሚገባውን ትምባሆ በቁጥር ይወስናሉ። ወደ ተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የሚገባ ሰው ከቀረጥ ነፃ የሚፈቀድለት 400 ሲጋራ፣ 50 ሲጋርና 500 ግራም ትምባሆ ነው። ከሌላ ዓለም ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በአውሮፕላን የሚገባ ደግሞ በተለመደው መጠን 200 ሲጋራ ወይም 50 ሲጋር ወይም 250 ግራም ትምባሆ ይፈቀድለታል። እዚህ ላይ «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አንዱን የሞላ ሌላውን መጨመር አይችልም። አሜሪካ 100 ሲጋር ትፈቅዳለች፤ የኩባ ሲጋር ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 ለጥቂት ዓመታት ተፈቅዶ ከቆየ በኋላ በመስከረም 2020 እንደገና ተከልክሏል። ከዱባይ የቀረጥ ነፃ ሱቅ በሕጋዊ ደረሰኝ የተገዛ ቢሆንም አገሩ ኩባ ከሆነ ወደ አሜሪካ አይገባም። ዋሽንግተን ላለ ዘመድ ስጦታ የሚያደርሱ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

አሁን ወደ ልጅቷ ሻንጣ እንመለስ። አንድ ሣጥን ሲጋር ብዙውን ጊዜ 25 ፍሬ ይይዛል። አሥር ሣጥን 250 ፍሬ መሆኑ ነው። ይህን የአንዲት የቤት ሠራተኛ የግል መገልገያ ነው ብሎ የሚያምን የጉምሩክ ሠራተኛ የትም አይገኝም። ከዚህም በላይ በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻን፣ ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ለንግድ ማስገባትም ሆነ መሸጥ ከልክሏል። ይኸው አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥም እንዳይጨስ ደንግጓል። ስለዚህ ሺሻው ቀረጥ ቢከፈልበት እንኳ ለገበያ የሚገባበት በር የለውም። ሻንጣው በስሟ ከተመዘገበ ደግሞ የምትጠየቀው እርሷ ናት። ደላላው ስሙም ሆነ ፓስፖርቱ እዚያ ላይ የለም።

በዲናችን በኩልስ? ትምባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በመሆኑ ስሙ በቁርኣንም በሐዲስም የለም። ዑለሞች ለረጅም ጊዜ ተከራክረውበታል። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1633 አጫሾችን በሞት እስከ መቅጣት ሲደርስ፣ የደማስቆው ታላቅ ዓሊም ዐብዱል ገኒይ አን-ናቡሉሲ (1641–1731) ደግሞ የተፈቀደ ነው ብለው መጽሐፍ ጽፈዋል። ጉዳቱ በሕክምና ከተረጋገጠ ወዲህ ግን የብዙዎቹ ዑለሞች ቃል ወደ ክልከላ አዘንብሏል። የሳዑዲው ሸኽ ኢብን ባዝ፣ የቀጠሩ ሸኽ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊና እ.ኤ.አ. በ2000 የግብጹ ሙፍቲ ናስር ፈሪድ ዋሲል ሐራምነቱን ተናግረዋል። ማስረጃቸው በሱረቱል በቀራ ቁጥር 195 ላይ ራሳችንን ለጥፋት እንዳንዳርግ የተሰጠን ትእዛዝ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። «ሲጋር ጭሱ ወደ ሳንባ አይሳብም» የሚሉም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር እንደሚያመጣ፣ አንድ ትልቅ ሲጋርም የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ እንደሚችል ይወቁ። ሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 2 ደግሞ በበጎ ነገር እንድንተባበር፣ በወንጀል እንዳንረዳዳ ያዘናል። ተሸካሚም ረዳት ነው።

ይህን ስንነጋገር የእናትየዋ ታናሽ ልጅ አብሮ ነበር። እርሱም፣ «ኡስታዝ፣ ቀረጥ እኮ መክስ ነው። መክስ ደግሞ በሐዲስ የተወገዘ ነው። ከጉምሩክ መደበቅ ምን ነውር አለው?» አለኝ።

ይህን ክርክር ከነጋዴዎችም ስለምሰማው ጥቂት ልበልበት። በሐዲስ የተወገዘው መክስ በኃይል ከሰው ላይ የሚነጠቅ ግፍ ነው። በድንበር ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሁሉ ግን መክስ አይደለም። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ራሳቸው በንግድ መስመሮች ላይ ሰብሳቢ አቁመዋል። ከሙስሊሙ ነጋዴ ሁለት ከግማሽ በመቶ፣ ይኸውም ዘካው፣ ከዚሚው አምስት በመቶ፣ ከውጭ አገር ነጋዴ አሥር በመቶ ይወሰድ ነበር። መጠኑ የታወቀ፣ ገንዘቡም ለሕዝብ የሚውል ነበር። የዛሬው ቀረጥ በዛ ብሎ የሚያማርር በሕጋዊ መንገድ ማመልከት ይችላል። «የያዝከው ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መዋሸት ግን ሌላ ነገር ነው። የሙናፊቅ ምልክቶች ሦስት መሆናቸውን ልጁ ከመድረሳ ያውቃቸዋል፤ ሲናገር መዋሸት፣ ቃሉን ማፍረስ፣ አማናን መክዳት። በአንድ የጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ሦስቱም ሊሰበሰቡ ይችላሉ አልኩት።

ሕግን ለሌላው አውጥቶ ለራስ ቀዳዳ ማበጀት በትልልቆቹም ዘንድ አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1962 በኩባ ላይ የንግድ ዕገዳ ሲጥል፣ ከመፈረሙ በፊት ለራሱ 1,000 ያህል የኩባ ሲጋር እንዲገዛለት ማዘዙን የራሱ ቃል አቀባይ ፒየር ሳሊንጀር ተርኳል። የዓለም ሰው ይህን በሳቅ ያወራዋል። የእኛ ታሪክ ግን ዑመር (ረ.ዐ) በረሃብ ዘመን ሕዝቡ ያላገኘውን ቅቤ አልቀምስም ማለታቸውን ነው የሚያስተምረን።

በዚያው ምሽት ወደ ልጅቷ ተደወለ። እናትየዋ ስልኩን ለእኔ ሊሰጡኝ ቢሉም፣ «እርስዎ ይንገሯት» አልኳቸው። እርሳቸውም ብዙ አልተናገሩም። «ልጄ፣ ጣራው ይፍሰስ። አንቺ በሰላም ግቢ» አሏት።

ደላላው ተቆጥቶ የቲኬቱን እርዳታ ሰረዘ። ልጅቷ የቲኬቱን ገንዘብ ለመሙላት ሁለት ወር ተጨማሪ ሠርታ በራሷ ሻንጣ ብቻ ገባች። ቆርቆሮው በዚያ ክረምት አልተቀየረም፤ ባልዲ ተደግኖበት አለፈ። አላህ ለጠበቀው ሰው ወዲያውኑ በሌላ በር ገንዘብ ይፈስለታል ብዬ አልሰብክም። አንዳንድ ሐላል ሪዝቅ በባልዲ ሥር ተቀምጦ የሚጠበቅ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ በስደት ሳሉ በስልክ ስለ ገንዘብ ብቻ አትጠይቋቸው። የሰው ዕቃ እንዳይቀበሉ፣ ከተቀበሉም ሻንጣውን ራሳቸው ከፍተውና ቆጥረው ካላዩ እንዳይዙ ንገሯቸው። ስለሚገቡበት አገር ደንብ አስቀድመው ይጠይቁ። የተጠራጠሩትን በጉምሩክ ፊት በግልጽ ያስመዝግቡ።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ከውጭ ዕቃ ስታዙ፣ ያዘዛችሁትን ነገር ተሸክማ በተቆጣጣሪ ፊት የምትቆመው የማን ልጅ እንደሆነች አስቡ። የኒካሕ ፎቶግራፍ ያለ ጭስም ያምራል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ስደተኞቻችንንም በሰላም ተመላሽ ያድርግልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።