በ64 ዓመቴ የድምፅ ተማሪ ሆንኩ

ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ካለፈው ዓመት መስከረም ጀምሮ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የድምፅ ትምህርት እማራለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «መዝሙር ነው ዘፈን?» ብሎ ነው። የእድር ጓደኞቼማ መልሱን ሳይሰሙ አይለቁኝም። ውጭ አገር ያለችው ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ካሴት ልታወጪ ነው እንዴ?» ብላ በስልክ ስቃብኛለች። ምክንያቴ ካሴትም መድረክም አይደለም። እናቴ ናት።

እናቴ ሰማንያ አምስትን አልፋለች። ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆናት። በወጣትነቷ እኛ ባደግንበት በወሎ ሰርግ ሲደገስ አውራጅ ነበረች። እሷ ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላል። ድንኳን ውስጥ ስትጀምር ከወንዙ ማዶ ይሰማል ይባልላት ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ጆሮዋ ደከመ።

በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም ሁሉንም ድምፅ እኩል አይቀንስም። አስቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኑን ነው፤ የ«ሰ»ን፣ የ«ፈ»ን፣ የ«ተ»ን ድምፅ፣ የሕፃናትን ንግግር፣ የቀጭን ሴት ድምፅን። ወፍራሙ ይቆያል። ስለዚህ ቤታችሁ ያሉት አያት የጎረቤቱን ሰውዬ ንግግር ሰምተው የልጅ ልጃቸውን ጥያቄ ሳይመልሱ ቢቀሩ «የሚፈልጉትን ብቻ ነው የሚሰሙት» ብላችሁ አትቀልዱባቸው። መርጠው አይደለም።

የእኔ ድምፅ ደግሞ በተቃራኒው ቀጥኖ ነበር። ለ31 ዓመታት በጤና ጣቢያዎች ስሠራ በኮሪደር ላይ ስም ስጠራ፣ በክትባት ቀን ሕፃናት እየተንጫጩ እናቶችን ያለ ማይክሮፎን ሳስተምር ኖሬያለሁ። ከማረጥ በኋላ ድምፄ ይንቀጠቀጥና ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ያልቅብኝ ጀመር። የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ በካሜራ ታየሁ። ክፉ ነገር የለም። በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች በዕድሜ ሳስተዋል፤ ሲገጣጠሙ መሐላቸው ክፍተት ይቀራል፣ በዚያ ክፍተት ትንፋሽ ያመልጣል። ስንናገር አውታሮቹ በሴት ልጅ በሰከንድ ሁለት መቶ ጊዜ ገደማ፣ በወንድ ደግሞ ከመቶ ጥቂት በላይ ይርገበገባሉና፣ ትንሽ ክፍተት ምን ያህል እንደምታደክም መገመት አያስቸግርም።

እንግዲህ አስቡት። ቀጭን ድምፅ የማትሰማ እናትና ከቀጭን ድምፅ ሌላ የሌላት ልጅ በአንድ ቤት።

ይህ እንደ ቀልድ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ የደሴው ቤት ባይመጣ ኖሮ። አባታችን ትቶት የሞተው፣ በእናቴ ስም ያለው ቤት ገዢ ተገኘለት። ወንድሞቼና እህቴ ሲሰበሰቡ እናቴ መሐላቸው ተቀምጣ ስለ እሷ ያወራሉ። አንዱ ጮክ ብሎ «እማዬ፣ ቤቱ ይሸጥ ወይ?» ሲላት «አዎ፣ በልቻለሁ» አለች። ተያዩ። ታናሽ ወንድሜ ወጥ ቤት ተከትሎኝ መጥቶ «እትዬ፣ አእምሮዋ ደክሟል፤ እኛው እንወስን» አለኝ። እኔ የሙያ ሰው ነኝ። ያልሰማ ሰውና የዘነጋ ሰው ሲመልሱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በሽታው ግን አንድ አይደለም። እናቴ የጡረታዋን ቀን፣ የሰንበቴዋን ተራ፣ የአሥራ አንዱንም የልጅ ልጆች የልደት ወር ታውቃለች። ግን ይህን ለሰው ማሳየት የሚቻለው ጥያቄው ጆሮዋ ሲደርስ ነው። በትልልቅ ፊደል እንዳልጽፍላት ማንበብ አልተማረችም። የጆሮዋን ኩክ አስጠርገናል፤ ጥቂት ረድቷል። የመስሚያ መሣሪያም ገዝተንላት ነበር፤ ያፏጫል ብላ አውልቃ በሶፍት ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች።

መጮህ አያዋጣም። ሰው ሲጮህ ድምፁ ይቀጥናል፣ አፉ ይጣመማል፣ ፊቱ የተቆጣ ይመስላል። ለእንደ እናቴ ያለ ጆሮ የሚስማማው ዝቅ ያለ፣ የረጋ፣ እስከ መጨረሻው ቃል የማይሰበር ድምፅ ነው። እሱ ደግሞ ሊሠለጠን ይችላል። ሐኪሙም የድምፅ እንቅስቃሴ እንድሠራ መክሮኝ ነበርና፣ ጎረቤቴ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቀ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት አገናኘችኝ።

«ሲስተር፣ ዘፈን የሚባል ነገር ለአንድ ወር አናነሳም» አለኝ ገና በመጀመሪያው ቀን። ፍራሽ ላይ በጀርባዬ አስተኛኝና ሆዴ ላይ መጽሐፍ አስቀመጠ። ያገኘው የድሮውን ወፍራም የነርሲንግ መጽሐፌን ነው፤ ከምረቃ ወዲህ እንደዚያን ቀን በደንብ አልሠራም። ትንፋሽ ስስብ መጽሐፉ መነሳት፣ ሳወጣ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፤ ትከሻ አይነቃነቅም። ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ወደ ታች ሲወርድ ሳንባ ቦታ ያገኛል። ይህን ለስንት ተማሪ ነርስ አስተምሬያለሁ! በራሴ ሆድ ላይ መጽሐፍ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ግን ሌላ ነው።

ከዚያ በአንድ ትንፋሽ «አ» እያልኩ ሰዓት መያዝ መጣ። ጤነኛ ድምፅ ያላት ሴት አሥራ አምስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ትቆያለች። እኔ ስጀምር ስድስት ነበርኩ። ሌላው ልምምድ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ውኃ አድርጎ በስትሮ እያንቧቧ «ኡ» ማለት ነው። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ስትሮው ከአፍ ወደ ኋላ የሚመልሰው ግፊት ግን አውታሮቹ ሳይጋጩ እንዲርገበገቡ ያግዛቸዋል። ከንፈርን እንደ ፈረስ «ብርርር» ማድረግም ያው ነው። በዚህኛው የአምስት ዓመቱ የልጅ ልጄ በልጦኛል፤ መምህሬም አልሸሸገኝም።

ስለ ጉሮሮ ከተነሳ አይቀር፣ ዝንጅብልና ማር ድምፅ ያወጣል የሚባለውን ሰው ሁሉ ይነግረኛል። የሚዋጥ ነገር በምግብ ቧንቧ ነው የሚሄደው፣ አውታሮቹን አይነካም። ጉሮሮን ማለስለሱን አልጠላም፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር፣ በጣትም ቢሆን፣ እንዳታቀምሱ። ውኃ በደንብ መጠጣት፣ ከከሰልና ከእጣን ጭስ መራቅ፣ ደጋግሞ «እህ፣ እህ» እያሉ ጉሮሮን አለመጥረግ ይበልጣል። መንሾካሾክም ድምፅን አያሳርፍም። የድምፅ መጎርነን ከሦስት ሳምንት ካለፈ ደግሞ፣ በተለይ ሲጋራ ለሚያጨስ ወይም አንገቱ ላይ እብጠት ላለው፣ ከመምህር በፊት የአንገት በላይ ሐኪም ነው የሚቀድመው።

በሁለተኛው ወር ክራሩን አመጣ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ እነዚህን ቅኝቶች ከልጅነቴ ስሰማቸው ብኖርም እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ እንደሚቆሙ ያወቅኩት አሁን ነው። መምህሬ ለእኔ የሚመቸውን ዝቅተኛ ድምፅ በክራሩ ፈለገና በእሱ ላይ ትዝታን አስጀመረኝ። «ከጉሮሮ አይግፉት፣ ሲስተር። ትንፋሹ ይሸከመው» ይላል። እኔም በሩን ዘግቼ በየቀኑ ጠዋት ሩብ ሰዓት እለማመዳለሁ።

ኅዳር ውስጥ ነው፣ አንድ ጠዋት ከሳሎን የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ማነው የሚያለቅሰው?»

ተዘግቶ በነበረ በር ሰምታኛለች። ወጥቼ ከጎኗ ተቀመጥኩና በዚያው ዝቅ ባለው ድምፅ «እኔ ነኝ እማዬ፣ እያዜምኩ ነው» አልኳት። ሳትደግምብኝ ገባት። «ይህ ዜማ ነው?» አለች።

ከዚያ በኋላ የሐሙሱ ክፍል ተማሪ አንድ፣ መምህር ሁለት ሆነ። መምህሬ «እማማ፣ እንዴት ነው?» እያለ ይጠይቃታል፤ እሷም አትምረኝም። «ቶሎ ትቆርጪዋለሽ። ከሆድሽ አምጪው እንጂ» ትለኛለች። ልጁ በመጽሐፍ የተማረውን እሷ ድንኳን ውስጥ ነው ያገኘችው።

ለፋሲካ ሁሉም መጡ። የቤቱ ነገር እንደገና ተነሳ። «እኔ ልጠይቃት» አልኩና የተሻለ በሚሰማው በግራ ጆሮዋ በኩል፣ ፊቴ ብርሃን እንዲያገኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ ተቀመጥኩ። አልጮህኩም። አንድ ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ፣ ዝግ ብዬ ነገርኳት፦ ለቤቱ ገዢ መጥቷል፣ ገንዘቡ ይህን ያህል ነው፣ ልጆችሽ ይሸጥ ይላሉ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ።

ዝም አለች። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ይነካካ ነበር።

«ገዢው የማን ልጅ ነው?» አለች። ነገርኳት። «ጓሮ የተከራየችው ባልቴትስ የት ትውደቅ ነው የምትሉት?» ይህን ለመመለስ የተዘጋጀ አልነበረም። ቀጥላም ቤቱ ሲሠራ አባታችን ከማን ስንት ብር እንደተበደረ፣ እሷ ጠላ ሸጣ ስንቱን እንደከፈለች አንድ በአንድ ቆጠረች። «እኔ እስካለሁ አይሸጥም። ከእኔ በኋላ እንደ ወንድማማች ተካፈሉት» ብላ ቡናው ለምን እንደዘገየ ጠየቀች። ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከቶ ነበር። ማታ ሲሄድ ጎንበስ ብሎ በግራ ጆሮዋ፣ ድምፁን አወፍሮ ተሰናበታት።

አሁን «አ»ን አሥራ ስድስት ሰከንድ እይዛለሁ። ትዝታንና ባቲን ይዣለሁ፤ አንቺ ሆዬ ግን አሁንም አስቸግሮኛል፤ አንዱ ድምፅ ላይ ስደርስ እናቴ ፊቷን ትቋጥራለች፣ መምህሬም ወደ ክራሩ ያቀረቅራል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ድንገት «ያ የሚያፏጨው ዕቃ የት ገባ?» አለችኝ። የልጅ ልጄ ተረት ሲነግራት አንዱንም እንደማትሰማ ታውቃለች፤ እሱ ገና ቀጭን ድምፅ ነው። ፉጨቱ ብዙ ጊዜ መሣሪያው ከጆሮ ጋር በደንብ ካለመግጠሙ የሚመጣ ነውና፣ የሚያስተካክልልን ባለሙያ ዘንድ ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዤላታለሁ።