መሪውን የለቀቁት ነጂ

በዚህ መጽሔት ስለ ድል አድራጊዎች የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን በነጂነት ዘመናቸው በታላቁ ውድድር አንድ ቀን እንኳ አንደኛ ስላልወጡ ሰው ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

የሰውየውን ታሪክ የሰማሁት ከአጎቴ ነው። አጎቴ በአሜሪካ አገር፣ በሰሜን ካሮላይና፣ በሻርሎት ከተማ ይኖራል። ለፋሲካ በመጣ ጊዜ እንደ ልማዱ ስለ ትምህርቴ ቢጠይቀኝ፣ እኔ ትምህርቱን ትቼ በልቤ የያዝሁትን ቁጣ ነገርሁት። ነገሩም እንዲህ ነበር። በስፖርት ቀናችን በክፍላችን የዱላ ቅብብል ቡድን ውስጥ የመጨረሻውን 100 ሜትር የምሮጠው እኔ ነኝ፤ የቡድኑም አምበል ነኝ። ሁለት ዓመት ሮጠን ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፍን። ዘንድሮ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ልጅ በልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ ቀደመኝ። የስፖርት መምህራችንም፣ «አምበሉ አንተ ነህ፤ ማን እንደሚሮጥ አንተው ወስን» ብለው ተዉኝ። ይህ ከቅጣት የከበደ ሆነብኝ።

አጎቴ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ዌልከም በምትባል በእኛው ክፍለ ሀገር ባለች ስፍራ የእሽቅድምድም መኪናዎች ቤተ መዘክር አለ። የባለቤቱን ታሪክ ልንገርህ» አለኝ። ከእርሱ የሰማሁትንና በኋላ ራሴ አንብቤ ያገኘሁትን አንድ ላይ አድርጌ አቀርባለሁ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ሪቻርድ ቻይልድረስ በ1945 በሰሜን ካሮላይና ተወለዱ። አባታቸው የሞቱባቸው ገና በአምስት ዓመታቸው ነው። በልጅነታቸው በዊንስተን ሴለም ስታዲየም የመኪና እሽቅድምድም ለሚመለከተው ሕዝብ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ይሸጡ ነበር። በ17 ዓመታቸው በ20 ዶላር አንዲት አሮጌ ፕሊማውዝ ገዝተው ራሳቸው መወዳደር ጀመሩ። ይህ እሽቅድምድም «ስቶክ ካር» ይባላል። መኪናዎቹ በውጭ ሲታዩ በመንገድ ላይ የምናያቸውን ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ለፍጥነት የተሠራ ነው። ትልቁን ውድድር የሚያዘጋጀውም ናስካር የተባለው ማኅበር ነው።

በ1969 በአላባማ በታላዴጋ አዲስ መንገድ ተከፈተ። ታላላቆቹ ነጂዎች ግን «ጎማው ይህን ፍጥነት አይችልም» ብለው ጥለው ሄዱ። ያልታወቁት ወጣት ቻይልድረስ ከቀሩት ጋር ሮጡ፤ በዚያን ጊዜ ያገኙትም ገንዘብ የራሳቸውን ጋራዥ ለማቋቋም ረዳቸው። ከዚያ በኋላ የራሳቸውን መኪና እያዘጋጁ፣ ራሳቸው እየነዱ፣ በጥቂት ገንዘብ ከሀብታም ቡድኖች ጋር ይታገሉ ነበር። 285 ጊዜ ተወዳደሩ። ከሁሉ የተሻለው ውጤታቸው ሦስተኛነት ነው።

በ1981 አንድ ነገር ሆነ። የ1980 ሻምፒዮን የነበረው ዴል ኧርንሃርት የሚነዳለት ቡድን በዘመኑ አጋማሽ ለሌላ ሰው ስለ ተሸጠ፣ ከአዲሱ ባለቤት ተለይቶ ወጣ። ሚስተር ቻይልድረስም ገና 35 ዓመታቸው ሳለ ከመኪናቸው ወርደው መሪውን ለእርሱ ሰጡ። ዴል በቀሩት 11 ውድድሮች የእርሳቸውን መኪና ነዳ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ቡድናቸው ለእንዲህ ያለ ነጂ ገና አለመድረሱን አምነው ወደ ሌላ ቡድን እንዲሄድ መከሩት። እርሳቸው ሞተሩን፣ ሠራተኛውንና ገንዘቡን ሲያደራጁ ቆዩ። በ1983 ሪኪ ረድ የተባለው ነጂ ለቡድኑ የመጀመሪያውን ድል አመጣ። በ1984 ዴል ተመለሰ። ከዚያም በ1986፣ በ1987፣ በ1990፣ በ1991፣ በ1993 እና በ1994 ሻምፒዮን ሆነ። ኦቾሎኒ ሻጩ ልጅ በገዛ እጁ ያላገኘውን ድል በሌላ ሰው እጅ ስድስት ጊዜ አገኘው።

ታዲያ መሪውን መልቀቅ ከጭንቅ ማምለጥ አይምሰላችሁ። የካቲት 18 ቀን 2001 በዴይቶና፣ በመጨረሻው ዙር፣ የዴል መኪና ከግንብ ጋር ተጋጭታ ሕይወቱ አለፈ። ዴል ለሚስተር ቻይልድረስ የቅርብ ወዳጅ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ለመተው አሰቡ። ነገር ግን እርሳቸው እንደ ተናገሩት፣ ሁለቱ ቀደም ሲል «ከሁለታችን አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥል» ተባብለው ነበር። ስለዚህ የመኪናውን ጥቁር ቀለም በነጭ፣ ቁጥሩን ከ3 ወደ 29 ለውጠው ኬቪን ሃርቪክ ለተባለ የ25 ዓመት ወጣት ሰጡት። ይህ ወጣት በሦስተኛ ውድድሩ በአትላንታ አንደኛ ወጣ። ከሁለተኛው የቀደመው በአንድ ሴኮንድ ሺኛ ስድስት እጅ ብቻ ነው። ከድሉም በኋላ ለሟቹ መታሰቢያ ሦስት ጣቶቹን በመስኮት አውጥቶ አሳየ። ቁጥር 3 በዚያ ታላቅ ውድድር እንደገና የታየው በ2014 ነው፤ የያዘውም የሚስተር ቻይልድረስ የልጅ ልጅ ኦስቲን ዲለን ነበር። እርሱም የካቲት 18 ቀን 2018፣ ዴል በሞተ ልክ በ17ኛው ዓመት፣ በዚያው በዴይቶና አሸነፈ።

አጎቴ ይህን ሲነግረኝ፣ «እርሳቸው የለቀቁት ለሻምፒዮን ነው፤ እኔ ግን ማንም ለማያውቀው ልጅ ነው» ብዬ ተከራከርሁ። እርሱም ሣቅ ብሎ፣ «ሦስት ጊዜ ቀድሞህ አላወቅኸውም?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

በማግሥቱ ለመምህራችን «እርሱ ይሩጥ» አልኋቸው። ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ዱላ አቀባበልን አለማመድሁት፤ ለካ ባለፉት ዓመታት እኔ ራሴ ዱላውን የምቀበለው ቆሜ ነበር። ይህን ያወቅሁት ሌላውን ሳስተምር ነው።

በስፖርት ቀን አንደኛ ወጣን ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በደረት ስፋት ተቀድመን ሁለተኛ ሆንን። ጓደኞቼ ሲሮጡ እኔ ሹራባቸውን ታቅፌ ከመስመሩ ዳር ቆሜ ነበር። ልቤ አልተቃጠለም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሆኖም ልጁ ሩጫውን እንደ ጨረሰ እያለከለከ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ዱላውን ሳልቆም ተቀበልሁ፤ አየኸኝ?» አለኝ። አይቼው ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ሁላችንም አንበሳውን የምናስር ይመስለናል። ከድሩ መካከል የማይታየው ክር መሆንን ግን ማንም አይመኝም። እኔም አልተመኘሁትም። አሁን ግን ለከርሞ ቡድናችንን ለማሠልጠን ስሜን ለመምህራችን ሰጥቻለሁ።