ስድስት ኪሎ፦ ቀኑ ስም ያገኘበት፣ ሟቾቹ ያላገኙበት ሰፈር

ከአራት ኪሎ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ አንድ ረጅም የድንጋይ ሐውልት ዘንድ ይደርሳል። ዙሪያውን በነሐስ የተቀረጹ ሰዎች አሉ፤ የሚገደሉ፣ የሚያለቅሱ፣ ሬሳ የሚያነሱ። ሚኒባሶች ይዞሩታል፤ ደብተር የታቀፉ ተማሪዎች ቀና ሳይሉ ያልፉታል። የሠሩት ዩጎዝላቪያውያኑ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው፤ በ1940ዎቹ ከቲቶ መንግሥት የመጣ ስጦታ ነው። አጠገቡ ያለው ሆስፒታል ቀድሞ ቤተ ሳይዳ ይባል ነበር፤ ዛሬ የካቲት 12 ነው። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትም የካቲት 12 ተብሎ ኖሯል። አደባባዩም ያው ነው። በዚህ ሰፈር ታክሞም ተምሮም የወጣ ብዙ ሰው የዚያን ቀን ስም በወረቀቱ ላይ ይዞ ወጥቷል።

ቀኑ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ከሐውልቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ይቀመጥበታል። የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ ወልዷልና ደስታውን ለመግለጽ ለድሆች ገንዘብ ይታደላል ተባለ። ማየት የተሳናቸው፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ሽማግሌዎች ግቢውን ሞሉት። ከቀትር በፊት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከደረጃው ላይ በቆሙት ሹማምንት መካከል ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ወታደሮቹም ግቢውን ዘግተው ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ መትረየስ ከፈቱ። ወጣቶቹን በመኪናው ይዟቸው የወጣው ስምዖን አደፍርስ በኋላ ተይዞ በግርፋትና በሥቃይ ሞተ።

ማታውን የፋሺስት ፓርቲው ሹም ጉይዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዞቹን ለሦስት ቀን ፈታቸው። ያገኙትን ሁሉ፣ አካፋውንም ዶማውንም ጭምር፣ መሣሪያ አደረጉት። የሣር ጎጆዎችን ቤንዚን አርከፍክፈው ሰው እንዳለበት አቃጠሉ። በከተማው የነበረው ሃንጋሪያዊ ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ያየውን ጽፎ ትቷል። ተይዞ በሕይወት የወጣው ተመስገን ገብሬም በግለ ታሪኩ መዝግቦታል። ከሁለቱም የሚወጣው እውነት አንድ ነው፤ ገዳዮቹ የሚያሳድዱት ቦምብ ወርዋሪዎቹን አልነበረም። ማን እንደ ሠራው አልጠየቁም። የሚገደለውን የሚለዩበት ምልክት የቆዳው ቀለም ነበር። ስለዚህ ነው ይህን እልቂት ከጦርነቱ ታሪክ ጋር ብቻ አዳብለን ስንተርክ የሚጎድልብን። በጦር ሜዳ የሞተው ጠላቱ ስለ ፈራው ሞተ፤ እዚህ የሞተችው አሮጊት ግን ጥቁር ስለሆነች ብቻ ነው የሞተችው።

ከዚያ የተማረው ወጣት ተለቀመ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጆች ፈቃደ ሥላሴና ሲራክ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ተገደሉ። ሲራክ ኦክስፎርድ የተማረ ነበር፤ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ ነው። በግንቦት ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ተራው ደረሰው፤ መነኮሳቱና ደቀ መዛሙርቱ ተረሸኑ።

ታዲያ ስንት ሰው ሞተ? የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ይላል። ዕድሜውን በዚህ ጉዳይ ላይ ያሳለፈው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል 19,000 ገደማ አድርጎ ይገምታል። የጣሊያን ወገን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይናገር ነበር። ክርክሩን ሰዎች ሲያነሱት እሰማለሁ፤ እኔን የሚያመኝ ግን የቁጥሮቹ መራራቅ አይደለም። ቁጥሩ ግምት ሆኖ የቀረው ሟቾቹ በስም ስላልተጻፉ ነው። የኅሩይንና የወርቅነህን ልጆች ስም እናውቃለን፤ ቤተሰባቸው የታወቀ ነውና። ምጽዋት ፈልጎ የመጣው ዓይነ ስውር ማን ይባል ነበር? ጎጆዋ ውስጥ የተቃጠለችው እናትስ? የገዳዮቹን አዛዥ ስም ሕፃን ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ የተገደሉት «ሰማዕታት» የሚል የጋራ መጠሪያ ብቻ ነው ያላቸው። ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባም።

ወደ ግቢው ልመለስ። ቤተ መንግሥቱን ንጉሡ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ከመስጠታቸው አንድ ዓመት በፊት እዚያው በታኅሣሡ ግርግር ሹማምንት የተረሸኑበት ቤት ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ሐዘን ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከነሙዚየሙ ያለበት ይህ ሕንፃ ነው። ተቋሙን በመጀመሪያ የመሩት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው፤ የሳቫን ምስክርነት በጋዜጣዋ ያተመችው የሲልቪያ ልጅ። ከሕንፃው ፊት ለፊት የትም የማያደርስ፣ ወደ ሰማይ ብቻ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ፋሺስቶቹ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ እርከን እየጨመሩ የሠሩት ነው ይባላል። ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አቆሙበት። የበደለኛውን ሥራ ሳይደብቁ በላዩ ላይ መልስ መስጠት ይሏል ይህ ነው፤ በከተማው ካሉት መታሰቢያዎች ሁሉ ይህን አብልጬ እወዳለሁ።

ሌላው መታሰቢያ ከተማው ራሱ ነው፤ ይህን ግን ማንም አቅዶ አላቆመውም። እልቂቱ ከተፈጸመ ልክ በሁለት ወሩ፣ በሚያዝያ 1929፣ ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰር የሚል ሕግ ወጣ። መሬቱም እንደ ጋብቻው በዘር ተከፈለ። በጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረው የአራዳ ገበያ ለነጮች ሰፈር ሲባል ተነሣና ሐበሻው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ ተገፋ። መርካቶ የተወለደው ከዚህ ግፊያ ነው። ሕዝቡ በተገፋበት ቦታ የአገሪቱን ታላቅ ገበያ ሠራ። የመርካቶን ታሪክ የንግድ ታሪክ ብቻ አድርገን ስናወራው ይህን ጥንካሬውን እንነፍገዋለን።

ፍርዱስ? በ1948 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ግራዚያኒንና ባዶሊዮን ጨምሮ የአሥር ጣሊያናውያንን ጉዳይ ተቀብሎ ነበር። ለኢትዮጵያ ደም አንዳቸውም ችሎት ፊት አልቆሙም። ግራዚያኒ በአገሩ 19 ዓመት የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር ተባብሯል ተብሎ ነው፤ በጥቂት ወራትም ተፈታ። በ2012 እ.ኤ.አ. ከሮም ብዙ በማትርቀው አፊሌ መታሰቢያ ቆመለት፤ የክልሉ መንግሥት ገንዘብ ወጥቶበታል። በርካታ ጣሊያናውያንም ተቃውመውታል፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው። እኛ ዘንድ ግን በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ያንን መታሰቢያ ለመቃወም እዚሁ ስድስት ኪሎ የተሰበሰቡ ሰዎች በገዛ አገራቸው ፖሊስ ተይዘው ታሰሩ። በሰማዕታቱ ሐውልት አጠገብ ለሰማዕታት መጮህ ያሳሰረበት ቀን ነበር። ይህንንም ሰፈሩ ሊያስታውሰው ይገባል።

በየዓመቱ የካቲት 12 ጠዋት አባት አርበኞች በሐውልቱ ሥር ይሰበሰባሉ፤ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ንግግር ይደረጋል። እልቂቱን በዓይናቸው ያዩት አልፈዋል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን አሉ። «የእናቴ አባት በግራዚያኒ ጊዜ ወጥተው ቀሩ» የሚል ሰው ብትፈልጉ ከጉለሌ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በየቤቱ ታገኛላችሁ፤ ስሙን ይነግራችኋል፤ ተዝካሩ የት እንደ ወጣ ይነግራችኋል። ይህን የሚሰበስብ ተቋም ከውጭ መምጣት የለበትም፤ ድርጊቱ በተፈጸመበት ሕንፃ ውስጥ ቢሮ ያለው አለ፤ በግቢው የታሪክ ተማሪዎች ሞልተዋል። እድሮችና ደብሮችም ከተጠየቁ ያግዛሉ። ዘጠናኛው ዓመት በ2019 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ የተገኘው ስም፣ መቶም ይሁን ሺህ፣ ከሐውልቱ ሥር ተቀርጾ ይቁም። ከዚያ በኋላ የሚገኘውም እየታከለበት ይሂድ።