ዘንዶ በጉርሻ አይወደድም

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት ነው የምሠራው። የሐበሻ ወላጆች የሚደውሉልኝ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውሻ ነው፣ ቀጥሎ ስለ ድመት። አልፎ አልፎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጀምር አለ፦ «እኔ እንኳ አልፈለግሁም ነበር፣ ልጁ ነው…»። ያኔ ጉዳዩ ዘንዶ መሆኑ ይገባኛል።

አይፈረድባቸውም። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ሆኖ ደራጎኑን በጦር ይወጋል፤ ከኮሪደሩ ማዶ ደግሞ ጎረምሳው ልጅ ዘንዶ ይቀልባል። እንግዳ ሲመጣ የልጁ ክፍል በር ይዘጋል።

ብዙዎቹ የሚገዙት ቦል ፓይተን የሚባለውን ነው። በአገራችን ቆላ ፍየል የሚውጠው ትልቁ ዘንዶ ዘመዱ እንጂ እሱ አይደለም። ይሄኛው መርዝ የለውም፣ ሲያድግ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፣ ሲፈራ ደግሞ ጭንቅላቱን መሃል አስገብቶ ድብልብል ይላል። አገሩ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ያለው የሣር ምድር ነው። ቀኑን በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተሸጉጦ ይውላል፣ ሲመሽ ይወጣል። ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባል ከተማ የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ አለ፤ እዚያ የሚኖሩት እነዚሁ ናቸው። አንዱ ወጥቶ ሰው ቤት ቢገባ የሚገድለው የለም፣ በአክብሮት አንስተው ይመልሱታል። እኛ ሠፈር ቢሆን ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን።

ስልኩ ላይ የምሰማው ዋናው አቤቱታ «አልበላም አለ» የሚል ነው። እኛ ደግሞ አለመብላት አይሆንልንም። «በሞቴ» ብሎ የሚያጎርስ ሰው ቤት ሁለት ወር ሙሉ አፉን ዘግቶ የተቀመጠ እንስሳ ካለ ቤተሰቡ በሙሉ ይጨነቃል። አንድ እናት «ልጄ፣ ጾም ይዞ ነው እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ስቄ ነበር፣ ግን ከሞላ ጎደል ልክ ናቸው። ያደገ ጤነኛ ቦል ፓይተን፣ በተለይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ወይም የመራቢያ ወራቱ ሲደርስ፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ምግብ ይተዋል። ዋናው ክብደቱ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ግዙለት፣ በየጊዜው መዝኑት፣ ቁጥሩን ጻፉ። ክብደቱ ካልወረደ ተዉት። እየቀነሰ ከሄደ ግን መጀመሪያ ምግቡን ሳይሆን የሚኖርበትን ሳጥን መርምሩ።

በኔ ግምት እዚህ አሜሪካ በሰው ቤት ከሚራበው ይልቅ ከልክ በላይ የሚበላው ይበዛል። ገና ጫጩት ሳለ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሲያድግ በሁለት ወይም በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ አይጡም ከራሱ ከዘንዶው ወገብ የወፈረ መሆን የለበትም። ሲጠቀለል በቅርፊቶቹ መካከል ቆዳው ከታየ ወፍሯል ማለት ነው። ምግቡ ሞቶ በፍሪዘር የቆየ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቀልጦ በሙቅ ውኃ የሞቀ አይጥ ይሁን። በሕይወት ያለ አይጥ አታስገቡ፤ ዘንዶው ካልፈለገው አይጡ ነው እሱን የሚነክሰው፣ ጀርባው የተበላ ዘንዶ አይቻለሁ። ከበላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቀን አትንኩት።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ እዚያ ነው። ዘንዶ እንደኛ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም። ምግብ የሚፈጨውም ሕመም የሚከላከለውም ከውጭ ባገኘው ሙቀት ነው። ስለዚህ አንዱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በአሜሪካ መለኪያ ከ88 እስከ 92፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ ከ25 እስከ 27 ሴልሺየስ ሆኖ እንስሳው ራሱ ይምረጥ። መደበቂያ በሁለቱም ጫፍ ያስፈልገዋል። አንድ ብቻ ከሆነ ከመሞቅና ከመደበቅ አንዱን ይተዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚተወው መሞቁን ነው። በልቶ የበረደው ዘንዶ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበላሽና ያስመልሰዋል።

ማሞቂያን ያለ ቴርሞስታት መሸጥ ቢከለከል ደስ ይለኛል። መቆጣጠሪያ የሌለው የማሞቂያ ምንጣፍ፣ ከሱም የባሰው በኤሌክትሪክ የሚግለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ፣ የሆዱን ቆዳ ይጠብሰዋል። እየተቃጠለም ላይነሳ ይችላል። ሻጩ «ዘመናዊ ነው» ቢላችሁም አትግዙት።

እርጥበትም እንዲሁ። በብርዱ ወራት የቤታችን ማሞቂያ ሲከፈት የኛ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የሱ ቆዳ ደግሞ አልለቅ ይላል። ቆዳውን ሊያወልቅ ሲል ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዓይኑ ሰማያዊ ደመና ይለብሳል። ጤነኛ ከሆነ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሳይቆራረጥ ይወልቃል። ተበጣጥሶ ከወጣ ሳጥኑ ደርቋል። ከ55 እስከ 70 በመቶ እርጥበት በቂ ነው፤ ላዩ ወንፊት የሆነ የመስታወት ሳጥን ይህን ስለማይዝ ወንፊቱን በከፊል ሸፍኑት፣ አንዱ መደበቂያ ውስጥም ረጠብ ያለ ሞስ (moss) አኑሩ። ዓይኑ ላይ የቀረ ቆዳ ካለ በወረንጦ እንዳትነኩት። ዘንዶ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው አንዲት ጥርት ያለች ቅርፊት ናት፣ እሷን ከነቀላችሁ ዓይኑን አጠፋችሁ። በሌላ በኩል ወለሉ ጭቃ እንዲሆን አታድርጉ፤ ሆዱ ሥር ቁስል ያወጣል።

አይጮህም፣ አያነክስም፣ ስለዚህ ሕመሙን ዘግይተን ነው የምናውቀው። አፉን ከፍቶ ወይም አንገቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ፣ በአፍንጫው አረፋ ከወጣ ሳንባው ታሟል፤ የቤት መድኃኒት አትሞክሩ። ውኃ መጠጫው ውስጥ የሰጠሙ ጥቃቅን ጥቋቁር ነገሮች ካያችሁ ቅንቅን ነው።

ስለ መግዛት ትንሽ ልበል። ጋና፣ ቶጎና ቤኒን ውስጥ እንቁላልና እንቁላል ያረገዙ እንስት ዘንዶዎች ከሜዳ ተሰብስበው ጫጩቶቹ ወደ ውጭ ይላካሉ። ከሜዳ የተያዘው መዥገር ይዞ ይመጣል፣ መብላትም እምቢ ይላል። ስለዚህ እዚሁ የተፈለፈለውን ጠይቁ፣ ሻጩ ፊት ሲበላ እዩት። ስፓይደር የሚባለውን ውብ ዥንጉርጉር ግን ተዉት፤ ከዘሩ ጋር በመጣ ችግር ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛኑን ይስታል። ለውበት ብሎ እንዲህ ያለ እንስሳ ማራባት ነውር ነው እላለሁ።

ከተሳቢ እንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያም አለ። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ዕቃውን በወጥ ቤት ማጠቢያ አትጠቡ። ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ያለበት ቤት ተሳቢ እንስሳ ባይገባ ይሻላል።

ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ዘንዶው ከናንተ ጋር ይቀራል። ከ20 እስከ 30 ዓመት መኖር ለሱ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ እንደሚሆን የተገመተ ቦል ፓይተን 7 እንቁላል ጥላለች፤ ያውም ቢያንስ ለ15 ዓመት ወንድ አጠገቧ ሳይደርስ። ሲሰለቸን ጫካ እንለቀዋለን የምትሉ የፍሎሪዳን ኤቨርግሌድስ እዩ። እዚያ የአካባቢውን አራዊት የጨረሰው የበርማ ፓይተን ከሰው ቤት የወጣ ዘር ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት በ2012 ወደ አገር እንዳይገባ እስከ መከልከል ደርሷል።

እና ልጃችሁ «ዘንዶ ግዙልኝ» ካላችሁ አትቆጡ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ክሊኒክ ደውሉና «ተሳቢ እንስሳ ታያላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ አያዩም። የሚያይ እስክታገኙ ድረስ አትግዙ።