የአይጥ ባቄላ

ሱ ፎልስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ሱ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የአንድ ሰው ቤት ገብቼ ቡና ጠጥቼ አላውቅም። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው ከእነሱ ነው። እኛ ሐበሾች ደግሞ የሥጋ ፋብሪካውን ፈረቃና የሌሊት ታክሲውን ይዘን፣ እንጀራ ቤታችንን ከፍተን፣ አገሩ የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ተቀምጠናል። ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከጎረቤቴ ከጋሼ ጋር ወደ ሰሜን ምዕራብ ነዳን። አንድ ፔርሙስ ቡና፣ ግማሽ ድፎ ዳቦ፣ ሁለት ወፍራም ጃኬት።

"ለመሆኑ ምን ልናይ ነው?" አሉ ጋሼ።

"የነዳጅ ቧንቧ።"

"ቧንቧው ታዲያ መሬት ውስጥ አይደል እንዴ የተቀበረው?" ብለው መቀመጫቸውን ወደ ኋላ ለቀው ተኙ።

ሱ የሚለው ስም የራሳቸው አይደለም። ፈረንሳዮች ኦጂብዌ ከሚባል ሌላ ነገድ አፍ ሰምተው ቆርጠው ያስቀሩት ነው። እነሱ ራሳቸውን ላኮታ፣ ዳኮታ ይላሉ፤ ወዳጅ፣ የተባበረ እንደ ማለት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ከፒር ከተማ ጥቂት አለፍ ብሎ የኦአሄ ግድብ አለ። ሣር የለበሰ የአፈር ኮረብታ ይመስላል፤ ጀርባው ላይ መኪና ይሄዳል። እኔ ለአባይ ግድብ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝ፤ ግድብ ሳይ ልቤ ይሞቃል፤ እዚያም መጀመሪያ ሞቀኝ። ሐይቁ ከዚህ ተነስቶ እስከ ቢስማርክ ድረስ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ራሳቸው መጥተው መርቀውታል። ግድቡ ስሙን ያገኘው ላኮታዎች መካከል ከተተከለ የድሮ ሚሲዮን ሲሆን፣ ውሃው ሊመጣ ሲል ትንሿን የጸሎት ቤት ነቅለው ከግድቡ አጠገብ አቁመዋታል። ነጭ ናት፤ ታምራለች። ጋሼ ተሳልመው ዞሩና "ሰዎቹንስ የት አደረጓቸው?" አሉ።

መልሱ አሥር ሰዓት ላይ ፎርት የትስ እስክንደርስ ቆየ። ቁጥሩን ግን እዚያው ነገርኳቸው። ለእነሱ ከተከለሉት ምድሮች፣ ከስታንዲንግ ሮክ ወደ 22,600 ሄክታር፣ ከሻያን ሪቨር ወደ 42,000 ሄክታር ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ የሁለቱ በእኛ ልክ ከ1,600 ጋሻ በላይ መሆኑ ነው። ያ ደግሞ ጠፍ መሬት አልነበረም። እዚህ አገር ሜዳው ራቁቱን ነው፤ ዛፍ፣ ማገዶ፣ የዱር ፍሬ፣ ከንፋስ መጠለያ የሚገኘው በወንዙ ግራና ቀኝ ብቻ ነበር።

ሞብሪጅ ላይ ሚዙሪን ስንሻገር የሰዓት ክልል ስለሚለወጥ ስልካችን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። ጋሼ እንደ ሎተሪ ቆጠሩት፤ "አንድ ሰዓት ተሰጠን!" ከምዕራቡ ዳርቻ የሚሄደው መንገድ ቁጥሩ 1806 ነው፤ የምሥራቁ 1804። ሉዊስና ክላርክ የተባሉት አሳሾች በወንዙ የወጡት በ1804፣ የተመለሱት በ1806 ነው። ላኮታ ምድር ራሱ ውስጥ መንገዱ የሚጠራው በእንግዳው የጉብኝት ቀን ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ለጋሼ ታሪኩን አወራሁላቸው። በ1868 ፎርት ላራሚ ላይ የተፈረመው ውል ከሚዙሪ በስተ ምዕራብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ ጥቁር ኮረብቶችን ጨምሮ፣ ለእነሱ አጸና። ውሉ ላይ ከአዋቂ ወንዶች ሦስት አራተኛው ካልፈረመ መሬት አይነካም የሚል አንቀጽ አለ። በ1874 የአሜሪካዊው መኮንን የኩስተር ጦር ኮረብቶቹ ውስጥ ወርቅ አየ፤ በ1876 ጁን ኩስተር ከነወታደሩ ሊትል ቢግሆርን ላይ አለቀ። (በዚያው ዓመት ማርች ላይ ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተሰልፈው በአፄ ዮሐንስ ጦር የተመቱት መኮንኖች መካከል አሜሪካውያን ነበሩ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሙሉ በሙሉ ነቁ።) በ1877 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮረብቶቹን በሕግ ወሰደ። የፈረመው ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተወሰደው መሬት ካሣ ይገባቸዋል ብሎ ፈረደ፤ ከነወለዱ 105 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። አልወሰዱትም። ዛሬ ከቢሊዮን በላይ ሆኖ ግምጃ ቤት ተቀምጧል፤ ከአገሪቱ እጅግ ድሃ ከሚባሉት ቀበሌዎች አንዳንዶቹ ደግሞ የእነሱ ናቸው። ሰው ይህን ሲሰማ ወይ ሞኝነት ይለዋል ወይ ያጨበጭባል። ጋሼ ሁለቱንም አላደረጉም። ዳቦውን እየቆረሱ "ርስት ነዋ" አሉ፤ ዋጋው የታወቀ ዕቃ ስም እንደሚጠራ ሰው።

ፎርት የትስ ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ደሴት ልትሆን ምንም ያልቀራት ከተማ ናት፤ በአንድ የአፈር ድልድይ ትገባለህ። ውሃው ዳር፣ ከመደብ ላይ፣ ለአካባቢው፣ ለስታንዲንግ ሮክ፣ ስሙን የሰጠው ድንጋይ ቆሟል። ልጇን እንዳዘለች ድንጋይ የሆነች ሴት ናት ይላሉ። ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ቁመቱ ግን ከእኔ ያንሳል።

አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። የልጅ ልጃቸው "ኡንቺ" ይላቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው። ሰላምታ ሰጥተን ቡና ቀዳንላቸው። አቀማመሳቸው አሳቀኝ፤ ስኳር ፈልገዋል። ግድቡን ጠየቅናቸው። እጃቸውን ወደ ውሃው ዘርግተው "ቤታችን እዚያ ነው" አሉ፤ ነበር አላሉም። የተነሱት በ1960 ጃንዋሪ፣ በረዶው ጉልበት በሚደርስበት ወር ነው። እሳቸው ልጅ ነበሩ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገሩን። ወንዙ ዳር ባለው ጫካ ውስጥ አፈር ሥር የሚያፈራ የዱር ባቄላ ነበር። የሜዳ አይጦች ለቅመው ለክረምታቸው ጉድጓድ ውስጥ ያከማቹታል። እናታቸው በመከር በዱላ መሬቱን ቀስ እያሉ ይነካኩታል፤ ላላ ሲልላቸው ተንበርክከው በጣታቸው ይከፍቱታል። ባቄላውን ያወጡና በምትኩ ከቋጠሩት በቆሎ እፍኝ ይጨምሩበታል፤ አፈሩን መልሰው ደልድለው ይሄዳሉ። ሴትዮዋ ይህን ሲናገሩ ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ አፈር ይደለድሉ ነበር።

"በቆሎው ለምን?" አልኩ።

"አይጧስ በምን ትክረም?"

ጋሼ እንድተረጉምላቸው ጎሸሙኝ። ተረጎምኩ። ካሣ ተከፍሏቸው እንደሆነ በእኔ በኩል ጠየቁ። ተከፍሏል አሉ ሴትዮዋ፤ የተሰጣቸው ቤት ግን ላይ ሜዳው ላይ ነበር፤ ባቄላው እዚያ አይበቅልም።

ካኖን ቦል የደረስነው ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ነው። በ2016 እዚህ በሺህ የሚቆጠር ሰው የነዳጅ ቧንቧውን ለመቃወም ድንኳን ተክሎ ነበር። ቧንቧው መጀመሪያ ከቢስማርክ ከተማ በላይ እንዲሻገር ታስቦ ነበር። ያ መስመር ከተተወባቸው ምክንያቶች አንዱ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች መቅረቡ ነው፤ ወደ ታች ዞሮ ከስታንዲንግ ሮክ ወሰን አጠገብ፣ በዚሁ ሐይቅ ሥር አለፈ። ምኒ ዊቾኒ፣ ውሃ ሕይወት ነው ብለው የተነሱትን ሰዎች ፖሊስ ኖቬምበር 20 ሌሊት፣ መንገዱ ላይ ባለው ድልድይ፣ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ፣ በውሃ መርጫ መታቸው። ድልድዩን በመኪና ለማለፍ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

የቀረው የወረቀት ውጊያ ነው። ዲሴምበር ላይ ፈቃዱ ተከለከለ፤ በአዲሱ ፕሬዚዳንት ዘመን ተሰጠ፤ ጁን 2017 ነዳጁ በቧንቧው መሄድ ጀመረ። በ2020 ዳኛ የአካባቢ ጥናቱ በቂ አይደለም፣ በሚገባ ይሠራ አለ፤ ነዳጁ ግን አልቆመም።

የመጀመሪያውን ካምፕ መሬቷ ላይ የተከለችው ላዶና ብሬቭ ቡል አላርድ፣ በ2021 ያረፈችው፣ ስለ ካኖን ቦል ወንዝ ጽፋለች፤ ወንዙ ከሚዙሪ ሲገናኝ የሚፈጥረው አዙሪት ድንጋዮችን ያድቦለብል ነበር፤ ሐይቁ ሲመጣ አዙሪቱ ሞተ። ዳሩ ላይ ወርደን ፈለግን። ክብ ድንጋይ አላገኘንም፤ የደረቀ የግንድ ጫፍ ብቻ፣ እንደ ጥርስ ከውሃው ብቅ ያለ። ቧንቧውንማ ጋሼ እንዳሉት ማንም አያየውም።

ስንመለስ ሞብሪጅ ድልድይ ላይ ጋሼ ስልካቸውን አበሩ። ሰዓቱ ዘሎ ነበር።

"ያቺን የሰጡንን ወሰዷት" አሉ፤ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ስበው።